የመጀመሪያው ስም

...ቀዩ ክዳን የወጣው ለእኔ ነበር። ሰላምታ ሳይቀድም ከዚህ መጀመሬ አይግረምህ፣ ወንድምዓለም፤ ከትናንት ጀምሮ የማስበው እሱን ነው። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህን ተሻለህ? የባለቤትህስ ሳል ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እንቢ ብሎኛል።

የዛሬ አምስት ዓመት እኔና በእጁ ዝግታ «ቀስ በቀስ» የምንለው ባልደረባዬ፣ አይጦች ላይ የሳንባ ነቀርሳ ጥናት አብረን ጨረስን። እኩል ሠራን። በጽሑፉ ላይ የማን ስም ይቅደም ሲባል ሁለት የቱቦ ክዳኖች፣ አንድ ቀይ አንድ ነጭ፣ የእጅ ጓንት ውስጥ ከተን፣ ቀዩ የወጣለት ይቅደም ብለን ዕጣ አወጣን። ስቀን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ዘንድሮ ሁለታችንም ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመልክተናል። ቦታው አንድ ነው። ኮሚቴው የጽሑፉን ነጥብ የሚቆጥረው ለመጀመሪያው ስም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው እኩል መሥራቱን ቀዳሚው በፊርማው ካላረጋገጠለት በቀር። ካረጋገጥኩለት ነጥቡን እንካፈላለን፤ በማስተማሩ ደግሞ እሱ ይበልጠኛል።

ከሁለት ሳምንት በፊት የማረጋገጫውን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ሲመችሽ ፈርሚው አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሳውም። አይጦቹን የሚቀልቡት ሽማግሌ ግን ወሬው ደርሷቸው፣ «አይጦቹስ ስንት ነጥብ አገኙ? የሞቱት እነሱ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ወደ እኔ ሳያይ።

አንተ ብትሆን ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጠየቅሁህ።

ዛሬ ጠዋት ፈረምኩ። ወረቀቱ ፋይሌ ውስጥ ነው። እሱ ወደ ኮሚቴው ሳይገባ ወረቀቱ እጁ ላይ መድረስ አለበት። ይህን የምጽፍልህ ከስብሰባው ክፍል ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ኮሪደሩ አልኮል አልኮል ይሸታል። አንዱ አምፖል ይርገበገባል፤ ማንም አይቀይረውም።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ባለቤትህን እግዜር ይማርሽ በልልኝ። ትልቋ ልጅህ ሒሳብ ጠላሁ ማለቷን ትተው። ትንሹን ጉንጩን ቆንጥጥልኝ፤ ሲያለቅስ አክስትህ ናት በለው።

ከላቦራቶሪው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል

ፖስታውን ሳላሽግ «ቀስ በቀስ» መጣ። ከረባቱ ጠምሟል። አጠገቤ ቆሞ እናትሽ እንዴት ናቸው አለኝ፤ ደህና ናት አልኩት። እጄ ፋይሌ ላይ ነበር፤ አልከፈትኩትም። ጸሐፊዋ ጠራችው። ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ ገባ። በሩ ተዘጋ።