አሥራ አንድ ሰዓት

ካዛንቺስ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሃና፣

ጤናሽን ሌት ተቀን ከፈጣሪ እለምናለሁና ሰላምታውን አላበዛም፤ ተናድጃለሁ። በስልክ ከሆነ «እሺ እማዬ፣ እደውላለሁ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አባትሽ በስልክ «ለከተራ አትደርሽም?» ሲልሽ የመለስሽለትን ታስታውሻለሽ? እሱ የሰማው «አዲስ አበባ አሥራ አንድ ሰዓት ነው» የሚለውን ነው። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ አንቺም መልሰሽ አልደወልሽም። እሱ «በከተራ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች» ብሎ ለሰፈሩ አወራ። እኔም አመንኩት።

የቂርቆስን ታቦት ሳልሸኝ የቀረሁበት ከተራ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ጎረቤታችን አቶ ኢተፋ ከሚስቱ ከሸዋዬ ጋር በቪትዝ መኪናው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዱን። መንገዱ ተዘጋግቶ በኦሎምፒያ ዞረን ደረስን። የአባትሽ ግራ እጅ እንደማይታዘዝለት ታውቂያለሽ፤ ክራቫቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። መንገደኛ መውጫው ላይ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ወንበር ቢያመጡለት «ተቀምጬ ልታገኘኝ?» አለ።

ሰው ሻንጣውን እየገፋ ወጣ፣ ወጣ፣ አለቀ። ጥበቃውን ብጠይቀው «የቻይናው፣ የጓንግዙው በረራ ጠዋት ነው የገባው፣ እናቴ» አለኝ። ሸዋዬ ደወለችልሽ። አንቺም ሳቅሽ።

«እንዴ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል ነው እኮ ያልኩት። ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅርብ መሰላችሁ እንዴ?»

ሳቅሽን አባትሽ ሰምቶታል።

ስንመለስ ሸዋዬ «እትዬ ወይኒ፣ ሰዓቱንስ በትክክል ነግራችኋለች፤ ቀኑን ነው የረሳችው» አለችኝ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ይቀልድብኛል።

ቃሉን ጽፌ አየሁት። የሚፈጀውም «ሰዓት»፣ የሚደረስበትም «ሰዓት»፣ ፊደሉ አንድ ነው። አባትሽ አልተሳሳተም።

ደግሞስ ምኑ ነው ሩቅ? ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ደሊና ለሸቀጥ ስትመላለስ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ለእሷ አይረዝምም? እኔ ከአክሱም በአውቶቡስ ስመጣ ሦስት ቀን ነበር። እናቴ ታመመች ሲሉኝ በዚያው መንገድ ተመልሻለሁ። ኪሎ ሜትሩን የቆጠረልኝም አልነበረም።

ሐኪሙ ስለ አባትሽ ያለኝን አልጽፍልሽም። መጥተሽ ትሰሚዋለሽ።

አባትሽ ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሲሆን «ክራቫቱን እሰሪልኝ» ይላል። አስሬለት በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ነገሩ እንዴት እንደነበር ላስረዳው ስጀምር «ሰምቻለሁ፣ አልደነቆርኩም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ?» ይለኛል።

«ገና ነው» እለዋለሁ። መብራት ካበራሁ በኋላም ገና ነው እለዋለሁ።

በዮርዳኖስ የተጠመቀው ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ። መንገድሽን ስል ወደዚህ የሚያመጣውን ማለቴ ነው።

እናትሽ ወይኒ

ሰዓቱን ስትልኪልኝ ቀኑንም ጻፊበት።