ፊት ለፊት መቀመጥ የናፈቃቸው የአባ ደባሱ ቢረሳው የሕይወት ታሪክ

አባ ደባሱ ከአባታቸው ከአቶ ቢረሳው ቢሆነኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንዲሁ) በ1945 ዓ.ም. በጎንደር ወገራ ተወለዱ። የተወለዱ ዕለት ያሰሙት ለቅሶ ደምቢያ ድረስ ተሰምቷል፤ የሚጠራጠር ካለ ሄዶ ደምቢያን ይጠይቅ።

ፊደልና ኦሪትን ከመንደሩ የቤተ እስራኤል ቄስ ተምረው፣ በ1967 ዓ.ም. አገር ምድሩ የተመኛትን ወይዘሮ ሸጌን አገቡ። ጎጇቸውን የቀለሱት ከባልንጀራቸው ከአባ አገኘሁ ደጅ ትይዩ ነበር። ሁለቱ ጠዋት በየደጃቸው ቆመው «እንዴት አደርክ» ሲባባሉ፣ ወንዝ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልስላቸው ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ምድር፣ ወደ እስራኤል፣ ገቡ። ሁለቱ ቤተሰቦች ቂርያት ማላኪ በተባለች ከተማ በአንድ ሰፈር ቤት ቢያገኙም፣ ሕንፃዎቹ ጀርባና ጀርባ ነበሩ። አባ ደባሱ ኡልፓን በሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ተምረው፣ «ቤሰደር»ን፣ ማለትም «እሺ»ን፣ ከመምህርቷ አሳምረው ይሉ ጀመር። ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ ፋብሪካ ዕቃ በማሸግም ጡረታ እስኪወጡ አገልግለዋል፤ እሳቸው ያሸጉትን ካርቶን እስከ ዛሬ የከፈተው የለም።

በ2016 ዓ.ም. ስለ ሰፈሩ ማሻሻያ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባውን የመራችው የከተማው ባለሙያ በዕብራይስጥ «ጋን ትፈልጋላችሁ?» ስትል የአትክልት ቦታ ማለቷ ነው። አባ ደባሱ የጠላ ጋን መስሏቸው ተነሡ።

«ለዚህ ሁሉ ሰው ትንሽ ጋን ምን ይሆናል? ትልቅ ይሁን፤ ጥላ ሥር ይሁን፤ ሰውም ዙሪያውን ፊት ለፊት ይቀመጥ።»

ባለሙያዋ ከሰሜን ዳን እስከ ደቡብ ኤላት እንዲህ ያለ ሐሳብ ሰምታ አታውቅም። ወይዘሮ ሸጌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «አንተ ሰውዬ፣ እሷ ዛፍ ትላለች፣ አንተ ጠላ» አሏቸው። ነገሩ ከገባቸው በኋላም አባ ደባሱ ቃላቸውን አላጠፉም። የናፈቁት ጠላውን ሳይሆን ዙሪያውን የሚቀመጠውን ሰው ነበርና።

በዓመቱ፣ ጥላው አሽዶድ ከተማ ሊደርስ ጥቂት የቀረው አትክልት ቦታ ተከፈተ። አግዳሚ ወንበሮቹ ግን ሁሉም በአንድ ረድፍ ወደ መንገዱ ዞረው ተተከሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ጠምዝዘው ሲያወሩ፣ አባ አገኘሁ «ደባሱ፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አባ ደባሱም «አንዱን ብቻ አዙሩልኝ» እያሉ የከተማውን ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠኑ።

አንዱ ወንበር የዞረው በ2019 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው። አባ አገኘሁ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው፣ ልጃቸው ማሪቱ ወደምትኖርበት ወደ ያቭኔ ከተማ ከወሰደቻቸው ዓመት ሆኗቸው ነበር። አባ ደባሱ ማታ ማታ ትይዩውን ወንበር በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ይደውሉላቸው ነበር።

«ዞሯል እኮ፤ ያላ፣ በል ና።»

«ጉልበቴ ይሻለኝና።»

ያቭኔ ቅርብ ነው ይላሉ መኪና ያላቸው።

አባ ደባሱ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐምሌ 9 ቀን 2019 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ ዐረፉ። መርዶውን የሰሙት አባ አገኘሁ፣ በማሪቱ ትከሻ ተደግፈው ከያቭኔ መጡ። «መጀመሪያ ወደ ወንበሩ» አሉ። ባዶውን ወንበር ፊት ለፊት እያዩ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጡ። ሰፈርተኛውም አንድ በአንድ እየወረደ ዙሪያቸውን ያዘ።

አባ ደባሱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸጌን፣ ልጆቻቸውን የቂርያት ማላኪውን አቪንና የገዴራዋን ሲቫንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ኦፌክንና ኦዝን ትተውልን ሄደዋል።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከቀደሙት ወገኖቻቸው ፊት ለፊት ያስቀምጥልን። አሜን።