በመዝገብዎ ስለተወለደው ወንድሜ

ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይህን ደብዳቤ መጻፍ እንደሚገባኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ቢሮዎ በር ላይ ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ እርስዎም ባለፈው «ይቺ ልጅ ምላሷን ቤቷ ትታ ነው እንዴ የምትመጣው?» ብለው ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ አስቀውብኛል። በቃል ያልሆነልኝን በወረቀት ልሞክር ብዬ ነውና ድፍረት እንዳይሆንብኝ።

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ ለአቶ ሰውአገኝ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ በቁም ሳጥን የተቆለፈባቸው መዝገቦችዎ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ እያልኩ በታላቅ አክብሮት ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ስንት ሆነን እንዳለን ግን ከቢሮዎ ጋር ገና አልተስማማንም።

ካላስታወሱኝ፣ ሰገነት እባላለሁ። ከገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ሰፈር የወይዘሮ ባንችይርጋ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው። አባቴ በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ እስካሁን አልተመለሰም። እናቴ ከጥቅምት ጀምሮ ጋሸና፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን ታጥባለች፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ትመጣለች። እኔ ሰባተኛ ክፍልን ለጊዜው አቋርጬ ወንድሜን ወንዴንና እህቴን ንጋትን እይዛለሁ። ወንዴ ስድስት ዓመቱ ነው። ንጋት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር በቤታችን ሌላ ሕፃን የለም። ይህንን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አንብበው ቢያልፉ ደስ ይለኛል።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እናቴ ሳታምጥ፣ አዋላጅም ሳይጠራ፣ ቢሮዎ አንድ ወንድም ስለጨመረልኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን የሚያነብ ሁሉ እንዲገባው ነገሩን ላስረዳ። በሐምሌ 2016 ጸሐፊዎ አቶ አረጋ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን ሲመዘግቡ፣ እናቴ «ወንዴ እና ንጋት» ብላ አስመዘገበች። በዚያው ሳምንት ቢሮዎ አንድም ልጅ እንዳያመልጠው ብሎ፣ የንስሐ አባታችንን መምሬ ውባንተን የተጠመቁትን ልጆች ዝርዝር ጠየቃቸው። እሳቸውም ደብተራቸውን አይተው በሐቅ ገልብጠው ሰጡ። የካህን ደብተር ላይ ያለው ደግሞ የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ የቤት ስም ለእሳቸው ምን ያደርግላቸዋል? ወንዴ በአርባ ቀኑ ገብረ ዮሐንስ ተብሎ ነው የተጠመቀው። አቶ አረጋ ሁለቱን ዝርዝር አንድ ላይ አጋጠሙና ወንዴ አንድ ልጅ፣ ገብረ ዮሐንስ ሌላ ልጅ ሆኑ። ንጋት የተረፈችው ያኔ ሰማንያ ቀኗ ስላልሞላና ስላልተጠመቀች ነው። አቶ አረጋም የላስታ ሰው ናቸው። የቤት ስማቸውና የክርስትና ስማቸው ሁለት ሰው ሆነው ሁለት ደመወዝ እንደማይቀበሉ አምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በየወሩ ለትንንሽ ልጆች የሚታደለውን አልሚ ዱቄት ለመውሰድ፣ በመዝገቡ ያሉ የቤቱ ልጆች በሙሉ በአካል ይቅረቡ የሚል ደንብ በኅዳር አወጡ። እኔም ንጋትን አዝዬ፣ ወንዴን ይዤ ወረድኩ። አቶ አረጋ ስም ጠርተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «ሦስተኛው የታለ?» አሉኝ። ሁለት ብቻ መሆናቸውን ለመናገር አፌን እስክከፍት እርስዎ ከውስጥ ሆነው «ልጅ ደብቃችኋል። ለሰው ቤት ሥራ ነው የሰጣችሁት ወይስ ለቆሎ ትምህርት ቤት?» አሉ። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በታኅሣሥ እንደገና ስንመጣ ደግሞ «የሌለ ልጅ አስመዝግባችሁ ልትበሉበት ነው» አሉን። በአንድ ወር ውስጥ ያለ ልጅ ከመደበቅ የሌለ ልጅ ወደ መፍጠር በመሸጋገራችን ቤተሰባችን ምን ያህል ትጉህ እንደሆነ የተረዳልን የመጀመሪያው ባለሥልጣን እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፣ ለመምሬ ውባንተ ስላደረጉላቸው አቀባበል። አሮጊትና ሕፃን ሳይቀር ተነሥቶ መስቀል የሚሳለማቸው አባት፣ በሰባ ዓመታቸው ያንን ቁልቁለት በምርኩዝ ወርደው «ገብረ ዮሐንስና ወንዴ አንድ ልጅ ነው፤ ያጠመቅሁት እኔ ነኝ» ብለው መሰከሩ። እርስዎም «አባ፣ ቃል ሰነድ አይሆንም፤ ዝርዝሩ ወረዳ ሄዷል» አሏቸው። ዝርዝሩን የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን እዚህ ላይ ባስታውስዎት ይቅር ይበሉኝ። ወረቀታቸው ሰነድ ሆኖ እሳቸው ራሳቸው ሰነድ አለመሆናቸው ገረመኝ። ሲወጡ «በይ ልጄ፣ እግዜር ያውቃል» አሉኝ። እግዜርማ ያውቃል፤ እሱ ግን የዱቄት ቤቱን ቁልፍ አልያዘም።

አራተኛ የምጽፈው ስለ ንጋት ክንድ ነው፤ እዚህ ላይ እጄ ስለሚፈጥን ጽሑፌ ቢበላሽ አይፍረዱብኝ። የጤና ኤክስቴንሽኗ እህት ሰብሌ የምግብ እጥረትን ለማወቅ በወር አንዴ ክንዷን በምትለካበት ክር ላይ ሦስት ቀለሞች አሉ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በጥቅምት ንጋት ቢጫው ላይ ነበረች፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት ሴንቲ ሜትር። በኅዳር አሥራ ሁለት። ባለፈው ሰኞ አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት። ቀዩ የሚጀምረው ከአሥራ አንድ ነጥብ አምስት በታች ነው። ክሩ ክንዷ ላይ ሲጠብቅ ድሮ ታለቅስ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ዝም ብላ አየችው። «ቀይ ከገባችማ ወደ እኔ መዝገብ ትመጣለች፤ ያኔ የቀበሌ ዝርዝር አያስፈልጋትም» አለችኝ ሰብሌ፣ ዓይኔን ሳታይ። እንግዲህ እንዳልተሳሳትኩ ተስፋ አደርጋለሁ፦ እህቴ ትንሽ ስትታመም የወንድሟን መቆጠር ትጠብቃለች፤ ልትሞት ስትቃረብ ግን ማንም ስሟን አይጠይቅም። ይህን ያህል የታሰበበት አሠራር እኔ ባልማርም ይገባኛል።

አምስተኛ፣ ስለ ሰጡን መፍትሔ። ባለፈው ረቡዕ አቶ አረጋ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አውጥተው «ነገሩን አታካብጂው፤ ገብረ ዮሐንስ ሞቷል ብለሽ ፈርሚ፣ ከመዝገቡ ይወጣል፣ ዱቄቱን ትወስጃለሽ» አሉኝ። ቅጹ ላይ የሟች ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የሞቱ ምክንያት የሚል አለ። ወንዴ አጠገቤ ቆሞ ጠረጴዛውን በጣቱ እየፋቀ ነበር። አቶ አረጋ አላዩትም አልልም፤ አይተውት ፀጉሩን አሻሽተውታል። ቅጹን ሳልፈርም ይዤው ወጣሁ።

ዳገቱን ስንወጣ ወንዴ ድንጋይ በእግሩ እየመታ ከፊቴ ሄደ። ከዚያ «ሰጊ፣ ገብረ ዮሐንስ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለኝ።

«ነህ» አልኩት።

«ታዲያ መቼ ነው የሞትኩት?»

አልሞትክም፣ የወረቀት ነገር ነው አልኩት። ትንሽ ሄደና «ከሞተ ለንጋት ይሰጧታል?» አለኝ። አዎ ብዬ መመለስ አልነበረብኝም፤ ግን መለስኩ። «እንግዲያው ሞቷል በያቸው። እኔ ወንዴ ብቻ እሆናለሁ» አለ፤ ሸክም እንደሚያቃልልልኝ ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ።

የሰፈር ሰው ሞኝ ናት ይለኛል። ጎረቤታችን እትዬ ገለቴ፣ እንደ ወንዴ የክርስትና ስሟ እንደ ሌላ ልጅ ለተቆጠረባቸው ለትንሿ ልጃቸው በታኅሣሥ ፈርመው ዱቄቱን ወስደዋል። «ወረቀት ሰው ገድሎ አያውቅም፤ አንቺ ከእኔ ትበልጫለሽ?» ብለውኛል። ከፈረሙ ወዲህ ግን ያቺኑ ልጅ በየማለዳው ጠበል ይወስዷታል። ምነው ታመመች ስላቸው «ለሁሉም ብዬ ነው» ይላሉ። እናቴን በእሳቸው ስልክ ደውዬ ስጠይቃት መጀመሪያ የሰሃን ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ኋላ «ፈርሚ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አለች። ወዲያው «ቆይ አትፈርሚ» አለች። ደግሞ «እኔ እንጃ ልጄ፣ እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ» አለችና ጌታዋ ሲጠሯት ስልኩ ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ያለው ስድስተኛ ይሁን ሰባተኛ አላውቅም፤ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። የወረቀት ሞት እንደማይገድል እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ገብረ ዮሐንስ ማለት ሲቆርብ የሚጠራበት ስም ነው። አንድ ቀን በእውነት ሲሞት ካህናቱ የሚፈቱት በዚህ ስም ነው። ወንዴ እኛ ለመላላክ የምንጠራው ነው። እኔ በገዛ እጄ «ሞተ» ብዬ የምጽፈው የትኛውን እንደሆነ ሳስበው እስክሪብቶው ይከብደኛል። ሃይማኖቱን እንኳ ብተው፣ በመስከረም ወንዴ አንደኛ ክፍል ይገባል፤ ያኔ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው የሞተውን ወንድሜን አግኝቶ ሕያዉን «አንተ ደግሞ ማነህ?» እንደማይለው ማን ዋስ ይሆነኛል? አቶ አረጋን ይህን ብጠይቃቸው «ያኔ ሌላ ቅጽ አለ» አሉኝ። ስለ ቅጾችዎ ብዛት ፈጣሪ ይመስገን።

ደግሞም አንድ ነገር ሆኗል። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ውባንተ መስቀላቸውን እንደያዙ «ገብረ ዮሐንስ፣ ና ልባርክህ» ብለው ጠሩት። አልሄደም። እንደገና ጠሩት። ወንዴ ቀሚሴን ይዞ መሬት መሬት አየ። ሰማ፤ እንደሰማ አውቃለሁ፣ ጆሮው ቀልቶ ነበር። እናቴ ያሳደገችው ልጅ ካህን ሲጠራው ዝም የሚል ልጅ አልነበረም። እሳቸውም ያፈረ መስሏቸው እየሳቁ አለፉ። እኔ ግን እጁን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኩት።

እንግዲህ የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ ብዙ ሥራ እንዳለብዎ እያወቅሁ ይህን ያህል በማድከሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ ጥንቃቄዎ፣ ስለ ደንብዎ፣ ከሕፃናቱ ይበልጥ ለሕፃናቱ ዝርዝር ስላለዎት ርኅራኄ እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ። ላሊበላን የሠራ አምላክ ለእርስዎም ልጆች በቤትም በመዝገብም ልክ ቁጥራቸውን ይጠብቅልዎ። የእርስዎን ቤት ደጃፍ በክፉ አያንኳኳ፤ ቢያንኳኳም ቅጽ ይዞ አይምጣ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በመዝገብዎ ከሦስት ሕፃናት ጋር የምትኖረው፣ በቤቷ ግን ሁለት የምታሳድገው

ሰገነት

ግልባጭ፦
ለአቶ አረጋ፣ ቢሮ
ለመምሬ ውባንተ፣ ሰነድ ባይሆኑም
ለሕፃን ገብረ ዮሐንስ፣ ባሉበት
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከዕደላው ዝርዝር አጠገብ እንዲለጠፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ረቡዕ ዕደላ ነው። በማለዳ ንጋትን አዝዬ፣ ወንዴን በእጁ ይዤ እወርዳለሁ። ቅጹን ባዶውን ይዤልዎት እመጣለሁ። ወንድሜን ከፊትዎ ያቁሙት፤ የክርስትና ስሙን ይጠይቁት፤ ከዚያ ዓይን ዓይኑን እያዩ «ሞቷል» ብለው በራስዎ እጅ ይሙሉልኝ። የሞቱ ምክንያት የሚለውንም እርስዎ ስለሚያውቁት አይዝለሉት። ከሞሉት እኔ ከሥር እፈርማለሁ። እጅዎ እምቢ ካለ ግን የተደገመውን ስም ሰርዘው የእህቴን ዱቄት ይስጡን። ስሙን ሲጠይቁት ዝም ቢልዎ አይቆጡት፤ ቅጽዎ ሳይፈረም ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ እስኪሆን ድረስ ሦስታችንም ከቢሮዎ ደጃፍ አንነሳም።