የመጨረሻዋ ገጽ እኔ ጋ ናት

አይ፣ መጽሐፉን አልሰረቅኩም። የሰው ልጅ ተወስዳ «ጠፍታ ይሆናል» ከተባለ፣ የሰው መጽሐፍም ጠፍቶ ይሆናል ይባልልኝ።

ለተከበሩ መቶ አለቃ ዓብዱልባሲጥ፣ ከሰላ ከተማ፣ የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፦

እንዴት ነዎት? ወገብዎ እንዴት ሆነ? ትናንት ወንበሩ ላይ ተዘርግተው ሳይዎት አሳዘኑኝ። አላህ ጤናውን ይስጥዎ። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ኢኽላስ ናት። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የምትለጥፈውም እሷው ናት፤ ዳቦ የማይገዛ ሰው የለማ።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሩፈይዳ ተወሰደች ብዬ እየጮህኩ ስገባ፣ እርስዎ ስለ ሕፃን ጠለፋ የተጻፈ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ያነቡ ነበር። ጣትዎን አንስተው፣ እንደ ሰፈሩ ልጆች አያቴ ለማለት፣ «ሐቦባ፣ አንድ ጊዜ! እናትየዋ በሩን ልትከፍት ነው» አሉኝ። ቆምኩልዎት። ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለወረቀቷ ልጅ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ። «እናንተ ሰፈር ልጅ ካገኘው ትሪ ይበላል፣ ካገኘው አልጋ ይተኛል፤ ነገ ትመጣለች» አሉ። እውነትዎን ነው፣ እኛ በር አንዘጋም። ምሳ ላይ እኔ ጎረቤታችን ዘይነብ ቤት በልታለች አልኩ፣ ዘይነብ ደግሞ እኔ ቤት በልታለች አለች። ሲመሽ ሁሉም ቤት ተጠየቀ። ሩፈይዳ የለችም።

ሦስተኛ፣ ኧረ ይቺን እንዴት እረሳለሁ! ሻይ ሻጯ ሐዋ የማታውቃቸው ሰዎች ልጅቷን እያስለቀሱ ባጃጅ ውስጥ ሲያስገቧት አይታለች። ባጃጁ ጀርባው ላይ ቀይ አውራ ዶሮ ተስሎበታል። ይህን ስነግርዎ «ታርጋው ስንት ነው?» አሉኝ። «ዶሮ ነው» አልኩ። ፖሊሶችዎ ሳቁ፣ እርስዎ ገጽ ገለጡ። መጽሐፉ ላይ መርማሪው ከኮት በወደቀች አንዲት ቁልፍ ጠላፊ ይይዛል አሉ። በዶሮ ግን አይያዝም፣ አይደል?

ለሶላት ሲነሱ መጽሐፉን በለበስኩት ቶብ ሸፍኜ ወጣሁ። ሴቶቻችን ከንጋት ጀምሮ ዶሮውን እየፈለጉ ነው። እኔን ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ የቀረኝ ምላሴ ነው። ስለዚህ ልጅቷን ያምጡ፣ መጽሐፉን ይውሰዱ። ለፖሊስ እንዳይናገሩ!

ዕድሜዎን እንደ ትዕግሥትዎ ያርዝመው እያልኩ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣
ሐጃ በቱል፣ የሩፈይዳ አያት

ማሳሰቢያ፦ የመጨረሻዋን ገጽ ኢኽላስ አንብባልኛለች። ልጅቷ ተገኘች? አልተገኘችም? አልነግርዎትም። እኔ ሳላውቅ አድሬያለሁ፣ እርስዎም ይሞክሩት። ደግሞም…

«ሐቦባ! ሐቦባ በቱል፣ ነይ ወደ በር! ዶሮውን አገኘነው! ሩፈይዳን ይዘናታል፣ ደህና ናት!»

መጣሁ! መጣሁ! ኢኽላስ፣ ይቺን ብቻ ጨምሪ፦ ልጄ መቶ አለቃ፣ ያመጧት ሴቶቹ ናቸውና ውላችን ፈርሷል። የመጨረሻዋን ገጽ ቀድጃታለሁ። የእኔን ታሪክ መጨረሻ ማየት ካማረህ ግን ና፣ በራችን እንደሆነ አይዘጋም።