ሦስት ኪቦርድና አንድ ያልተጻፈ መስመር

የካቲት 3፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬ ለባለጉዳይ ዘጠኝ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሰባተኛው ላይ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ደነዘዘ። አሮጌው ኪቦርድ ቁልፎቹ ደርቀዋል፤ አንዳንዱን ሁለቴ ካልደበደብኩት አይወጣም። እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። አንጓዬ አብጧል። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ወይ ሥራውን ይተዉት ወይ መጻፊያውን ይቀይሩት ብላኛለች። ሥራውን ትቼስ? ባዶ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ላዳምጥ?

አንተንም ደብተሬን በእስክሪብቶ ስጽፍህ ያመኛል። ስለዚህ አሳጥራለሁ። ታገሠኝ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ሐሊማ ሱቅ ሄድኩ። ባሏ ዕቃ ከሞያሌ ያመጣል፣ እሷ ትሸጣለች። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን፦ አካም፣ ናጋ፣ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። ዝናብ የለም። ከዚያ ኪቦርድ።

ሦስት ደረደረችልኝ። አንዱ እንደ ቂጣ ስስ። አንዱ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ሲመቱት የሚጮህ። አንዱ ትንሽ፣ ድምፅ የሌለው፣ ቁልፉ ለስላሳ። ሁሉም አንድ ነው፣ ይውሰዱና ይገላገሉ አለች። አንድ ከሆነ ለምን ሦስት አመጣሽ አልኳት። ሳቀች። አንድ ገጽ ሙሉ ካልጻፍኩበት እጄ አይነግረኝም ስላት፣ "አዴ አስቴር፣ እኔ ባሌን ስመርጥ እንኳ ይህን ያህል አልቆየሁም" ብላ ስሱን ሰካችልኝ።

ምን እንደምጽፍ አላሰብኩም። እጄ ራሱ ጀመረ። በቃሌ የማውቀው አንድ ማመልከቻ አለ፤ የድሮ ባለጉዳዬ የኦቦ ጅሎ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የፊርማው ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ሁልጊዜም እዚያ ነው የምቆመው።

ሐሊማ፦ ምነው? እኔ፦ በጣም ስስ ነው፣ ጠረጴዛ የምመታ ነው የሚመስለኝ። እውነት ነው። የቆምኩት ግን ለዚያ አይደለም።

የካቲት 6፣ ዓርብ። ጠዋት

ጥቁሩን ለሙከራ ይዤው መጣሁ። ፍ/ቤቱ በር ፊት ያለችው የቆርቆሮ ክፍሌ ተናወጠች። ጎረቤቴ ጸሐፊ ከግድግዳው ማዶ፣ መትረየስ ገዛሽ እንዴ አለኝ። ባለጉዳዮቹ ሳቁ። እኔም ትንሽ።

ድምፁ ግን የተስፋዬ ነው። የባሌ። እዚሁ በር ላይ በጽሕፈት መኪና የሰው አቤቱታ ሲጽፍ ኖሮ ሞተ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ማታ ማታ የመኪናውን ቁልፎች በጨርቅ እየወለወልኩ ነው። ይቺ ምንድን ናት እለዋለሁ፣ ይነግረኛል። ከዚያ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ፣ ከዚያ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ። ሲሞት ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ተማርኩ። ከኪቦርዱ ሥር የሚታጠፉ ሁለት እግሮች አሉ። አጠፍኳቸው። እጄ ተኛ፣ አንጓዬ ቀና። ይህን ሁሉ ዓመት እግሩን አቁሜ፣ እጄን ወደ ላይ ሰብሬ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ማንም አልነገረኝ።

ቁልፉ ግን ይከብዳል። ለወጣት ጣት ነው የተሠራው።

በእሱም ያንኑ ገጽ ጻፍኩ። እዚያው ቦታ ቆምኩ።

የካቲት 9፣ ሰኞ። ከምሳ በኋላ

ጋልገሎ መጣ። የኦቦ ጅሎ የወንድም ልጅ። ከደጃፉ ገና ሳየው ለየሁት።

እኔን አያውቀኝም። ማለት፣ የምትጽፈው ሴትዮ መሆኔን እንጂ ሌላ አያውቅም። ጠጉሩ ሸብቷል። አራት ላም ብቻ ቀርተውታል፤ ስሙ የመኖ ድጋፍ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ለወረዳው ይጻፍልኝ አለ። ጻፍኩ። እንደ ወጉ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጨረስኩ ስል፣

"ደግመው ያንብቡልኝ፣ አዴ። እኔ በወረቀት ተበልቻለሁ።"

ደግሜ አነበብኩ። ውሃ ስጠጣ እሱ በሩ ላይ ተደግፎ ማውራት ጀመረ። አጎቱ ታሟል። ዱብሉቅ ከተማ ሴት ልጁ ቤት ተኝቷል። ሳልሞት ልየው ብሎ ሦስት ሰው ልኮበታል።

ትሄዳለህ ወይ አልኩት።

"ለውሸታም? ከብት ስናጠጣ በተራ ተጣልተን በዱላ እጁን ሰበርኩት፣ አዎ፣ አልክድም። እስር ቤት ድረስ መጥቶ፣ እንዳትታሰር ብዬ አጽፌልህ ነበር፣ ዳኛው እምቢ አለ አለኝ። መዝገቡን አስገልብጬ አስነበብኩ። አንድ ቃል የለም! ሦስት ዓመት ታሰርኩ። መታሰሩን ይቅር ብያለሁ። ውሸቱን ነው ያልቻልኩት። ይሙት እንጂ አልሄድም።"

ወረቀቱን አጥፎ ጨርቁ ውስጥ ቋጠረ። ማህተም አስመትቶ ለግልባጩ ቅዳሜ እንደሚመለስ ነገረኝ።

ሲሄድ መንገዱን እስኪሻገር አየሁት።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ። ማለዳ

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልጻፍ። እጄ ቢያመኝም።

ያን ቀን፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት፣ ኦቦ ጅሎ የተሰበረ እጁን በሻሽ አንጠልጥሎ ጠዋት መጣ። ተናዶ ነበር። የተናገረውን ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ ሙሉ፣ በሁለት ካርቦን። እኔ ስጽፍ ሽማግሌዎች ግራሩ ሥር ይዘው ሲመክሩት ዋሉ። አመሻሹ ላይ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኗል። አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለ፦ "ልጁ የወንድሜ ልጅ ነው። በሽማግሌ ታርቀናል። እንዲታሰር አልፈልግም።"

ገጹ ሞልቷል። የፊርማው ቦታ ሳይቀር ተጽፏል። መጨመር ማለት ሁሉን እንደገና መጻፍ ነው። መ/ቤቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። አንጓዬ ያኔም ያመኝ ነበር። እሺ አልኩት። ወረቀቱን ጽሕፈት መኪናው ውስጥ መልሼ አስገባሁ፣ የጻፍኩ እንዲመስል የባዶ ቦታውን ቁልፍ ሁለት ሦስቴ መታሁ፣ አወጣሁ።

ከዚያ አነበብኩለት። ከላይ እስከ ታች። መጨረሻው ላይ ስደርስ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን፣ ያለ አስመስዬ በአፌ አነበብኩ። ዐይኔን ሳልነቅል። ጎሽ አለኝ። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። መረቀኝ።

ሰነፍኩ። ሌላ ስም የለውም።

የጋልገሎን መታሰር ከሰማሁ ወዲህ ያ ገጽ ከእጄ አልወጣም። እስከ ትናንት የመሰለኝ አንድ ሰው ማሳሰሬ ነበር። ሽማግሌውን ውሸታም ያደረግኩት እኔ መሆኔን ትናንት ገና አወቅኩ።

የካቲት 11። ሥራ አልሄድኩም።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ሐሊማ ትንሿን ኪቦርድ ራሷ ይዛ መጣች። ታምመው መስሎኝ ነው አለች፣ ከዚያ ሰካችልኝ። እግሮቹን አጠፍኩ። ቁልፉ ገና ሳልጫነው ይወርዳል። የቁጥር መደዳ በጎኑ ስለሌለው ማውሱ ቅርብ ነው፤ ትከሻዬ አይዘረጋም። ድምፅ የለም። ይህ ነው። እጄ ነገረኝ።

ያንኑ ገጽ ጻፍኩ። ፊርማው ጋ ደረስኩ። ቆምኩ።

ከዚያ መስመሩን አስገባሁ። ልጁ የወንድሜ ልጅ ነው። በሽማግሌ ታርቀናል። እንዲታሰር አልፈልግም። ፊርማው ራሱ ወደ ታች ወረደ፣ ቦታ ለቀቀ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ምንም አላመመኝም።

ቢያመኝ ይሻል ነበር።

ሐሊማ ዐይኔን አይታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ነገርኳት። ሁሉንም። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ለራሷ ተናገረች፣ ቀጥላም፣

"የሚነግሩት ለኔ አይደለም፣ አዴ።"

አውቃለሁ አልኳት። ሽማግሌው እኮ በሕይወት አለ አለች። እሱንም አውቃለሁ።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ፈራሁ። ልዋሽህ አልችልም። ይህች ከተማ ትንሽ ናት፤ ነገ ለጋልገሎ ከነገርኩት በሳምንት ውስጥ ገበያው ሁሉ ይሰማል። ያልተጻፈ የምታነብ ሴት ተብዬ ማን ቃሉን ይሰጠኛል? ይቺን ወንበር ካጣሁ ምን አለኝ? መጻሕፍቱና ግድግዳው።

ሌላ መላ አሰብኩ። ስም የሌለው ደብዳቤ። ወይም፣ ሁለተኛ ገጽ ነበረው፣ ዳኛው ጥሎት ይሆናል ልበለው። ሁለቱም በሃሳቤ ሳሉ ጥሩ ይመስሉ ነበር። ወረቀት ላይ ሳያቸው ያው የድሮው ሥራዬ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሐሊማ ከጁምዓ መልስ ሱቋን ስትከፍት ሄጄ ትንሿን ኪቦርድ ገዛሁ። ተመስገን አለች፣ ተጋባችሁ። አልሳቅኩም። እሷም ፊቷ አልሳቀም።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ። 4 ሰዓት ሊሆን ነው

ጻፍኩት። አንድ ገጽ። በስሜ። ኦቦ ጅሎ ምን እንዳለ፣ እኔ ምን እንዳደረግኩ፣ ለምን። ለምን የሚለው አንድ መስመር ብቻ ሆነ። አጎትህ አልዋሸህም የሚለውን ከሁሉም በላይ፣ መጀመሪያ ላይ አደረግኩት፤ ተናድዶ ከመሃል ቢሄድ እንኳ እሱን ሰምቶ እንዲሄድ። ሁለት ቅጂ አተምኩ። አንዱን ዱብሉቅ ይዞት ይሂድ።

የማነበው እኔ አይደለሁም። ወስኛለሁ። አንድ ጊዜ አንብቤ ነበር። ሐሊማ ታነበዋለች፣ በሱ ቋንቋ በኦሮምኛ እየመለሰች፣ እኔ አንድ ቃል ልቀይር በማልችልበት። እኔ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ወረቀት የጻፍኩት እኔ ከሆንኩ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ደንበኛ ከቀረ።

ሐሊማ መጥታለች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ገጹን ለራሷ በከንፈሯ እየሞከረችው ነው። አንድ ቦታ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። የቱ ጋ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ጋልገሎ መንገዱን እየተሻገረ ነው። ዱላውን በሩ ላይ አስደገፈ። ሐሊማ መነጽሯን አደረገች። ና ግባ አልኩት፣ ተቀመጥ፣ ዛሬ የማነብልህ እኔ አይደለሁም። እስክሪብቶዬን ላስቀምጥ።