አዞ አልበላህም

ሶርሳዬ፣ የብርቄ አባት፣

ጫሞ ሐይቅ ላይ ከቀረህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ የማይመጣበትን ነገር መጠየቅ ሰልችቶኛል። ይልቅ የቤቱን ልንገርህ። ዓሣ መሸጥ ትቻለሁ። ሲቀላ ሰፈር ያለችውን የዓሣ ቤት ዘግቼ ሙዝና ማንጎ እቸረችራለሁ። የድሮ ደንበኞቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የዓሣ ለብለብሽ ናፈቀን ይሉኛል። አንተ ካለህበት ውኃ የወጣ ዓሣ እንዴት ብዬ በእጄ ልንካ? ብርቄ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት እኔን አልፋኛለች። ስትናደድ ልክ እንዳንተ አፍንጫዋን ታሻለች፤ ያኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

እናትህ ዶርዜ እዚያው ቤታቸው አሉ። አንተ አስጎብኚ ሆነህ ለእንግዶች ስታስረዳ፣ የቀርከሃው ቤት ከፊት ሲያዩት ዝሆን ይመስላል፣ ምስጥ ከሥር ሲበላው እየተቆረጠ ያጥራል፣ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተጠራርቶ ተሸክሞት ይሄዳል ትል ነበር። አሁን በጣም ስላጠረ እኔ እንኳ ጎንበስ ብዬ ነው የምገባው። እሳቸውም አብረውት አጥረዋል። እንግዳው ግን አልቀረም፤ ቤቱን ፎቶ ያነሳል፣ ቆጮውን በዳጣ ይቀምሳል፣ ይሄዳል።

አገርህን ስታሳይ ደስ ትል ነበር። እንደተጋባን ሰሞን ከከተማው በላይ ወዳለው ገደል አፍ ወሰድከኝ፤ የእግዜር ድልድይ የሚባለውን መሬት በጣትህ አሳየኸኝ፤ በአንድ ጎኑ አፈር የመሰለው አባያ፣ በሌላው ሰማያዊው ጫሞ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚህ ያስተማረ፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ሁለት ሐይቅ እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አባያን ያደፈረሰው ወንዞች የሚያመጡት አፈር ነው ብለህ ስታብራራልኝ፣ ባል አገባሁ ብዬ ትምህርት ቤት ገባሁ እንዴ ብዬ ሳቅሁብህ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አላበቃህም።

የዚያን ክፉ ቀን ነገር የማውቀው ጀልባ ነጂው የነገረኝን ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ ጉማሬ ጀልባውን ከሥር መትቶ ገለበጠው። ነጂው ጀልባውን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ሳለ፣ አንተ እንግዶቹን አንድ በአንድ እየገፋህ እላዩ ላይ አወጣሃቸው። የመጨረሻዋን ሴት ስታወጣ ክንድህ ዛለ። ዓሣ አጥማጆቹ ቀን ከቀን ፈለጉህ፤ ጫማህ እንኳ አልተገኘም። ፎቶህን ይዘን አለቀስን፣ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱልህ፣ አፈር ግን አላለበስንህም። እንግዶቹም ወደ አገራቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እናትህ ልከው አስጠሩኝ። ቤታቸውን ሊያይ ከመጣ እንግዳ ጋር የነበረ ሾፌር፣ ጫሞ ላይ አንድ አስጎብኚ እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲቀልድ አዞ በላው ብሎ አውርቶላቸዋል። ሾፌሩ የማን እናት እንደሆኑ አያውቅም። እሳቸው ግን ልጃቸው መሆኑን አውቀዋል። አላለቀሱም። ለማጽናናት ብለሽ ነው ወይ ያን ሁሉ ሰው አወጣ ያልሽኝ፣ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ሶርሳዬ፣ የሞትክ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተቃጠልሁም።

በማግስቱ ወደ ጫሞ ወረድሁና ከአዲስ አበባ ከመጡ ሰዎች ጋር ጀልባ ላይ ወጣሁ። አስጎብኚው አዲስ ነው፤ አያውቀኝም። አዞዎቹ እንደ ገበያ ሰው አሸዋው ላይ ተኮልኩለው ወደሚተኙበት፣ አዞ ገበያ ወደምትሉት ቦታ ስንጠጋ ያን ወሬ ጀመረ። እጁን እየነከረ እያሳየ አወራው። ሰዉ እጁን ሰብሰብ አድርጎ ሳቀ።

ብድግ አልሁ። ተቀመጪ፣ ጀልባው ይናወጣል አለኝ፤ አልተቀመጥሁም። ስምህን ከነአባትህ ጠራሁ። ባሌ ነው አልኋቸው። አዞ አልበላውም፣ ሰው ሲያወጣ ነው የቀረው አልሁ። ሳቁ ቆመ። አስጎብኚው ላብ በላብ ሆኖ፣ እኔም እንደሰማሁት ነው የተናገርሁት አለ። አመንሁት፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወዲያው አንድ ትልቅ አዞ ከአሸዋው ተንሸራትቶ ውኃ ገባ፤ ስልኩ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

እንደገና ዶርዜ ወጥቼ ሁሉንም ለእናትህ ነገርኋቸው። እጄን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ያወጣቸው ሰዎች ስሙን ያውቁታል ወይ? እሳቸው ባስተማሩኝ ቋንቋ፣ አላውቅም እማዬ አልኋቸው። እጄን ለቀቁኝ።

ሶርሳዬ፣ እነሱ ባያውቁት እኛ እናውቀዋለን። ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር ጀልባው ላይ እወጣለሁ። ተቀመጪ ቢሉኝም ቆሜ ስምህን እናገራለሁ፤ ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም። እኔ ስደክም ብርቄ ትቆማለች፤ ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላኛለች። ሌላ መቃብር ልሠራልህ አልቻልሁም።

ሚስትህ