የጥምቀቱ ገንዳና እንደ እርሾ የቆጠርሁት ማድረቂያ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 13 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀልባ ጠጋኙ ልጄ ለወንዳወቅ፤ መድኃኔዓለም የረገጥኸውን ሁሉ ያለስልስልህ። እኛ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንዳንተ ግንባራም ናት።

አምና የጥምቀቱ የብረት ገንዳ አፍስሶ ግማሹ ሕዝብ ጸበል ሳይደርሰው ተመለሰ። ዘንድሮ «እኔ እደፍነዋለሁ» ብዬ በሰው ፊት ቃል ገባሁ። ቄስ ደሞዝ፣ «ታንጉት፣ ከአራተኛ ክፍል አቋርጠሽ ኢንጂነር ሆንሽ?» አሉኝ።

«አምስተኛንም በመስኮት አይቻታለሁ፣ አባ!» አልኋቸው።

አንተ በጻፍህልኝ መሠረት ባሕር ዳር ወርጄ የጀልባ መጠገኛውን ሙጫ ገዛሁ፤ የፋይበር ጨርቅም መረጥሁ፤ የተሸመነውን ለጎኑ፣ እንደ ልብ የሚታጠፈውን፣ ክሩ ያልተሸመነውን ብትኑን ለማዕዘኑ። ጥጥ ስትፈትል ላደገች ይኸ ምኑ ይከብዳል? ሙጫው እንዲጠነክር የሚጨመርበትን ማድረቂያ ግን እንደ እርሾ ቆጥሬ፣ ቶሎ ይድረስ ብዬ ጨመር አደረግሁበት። ሙጫው ጨሶ ከነማማሰያዬ ድንጋይ ሆነ! አባትህ በሳቅ ሊሞት ነበር። ሁለተኛውን በጠብታ ለካሁ። ዝገቱን ፍቄ፣ ጨርቁን በሙጫ እያራስሁ፣ አረፋውን በብሩሽ እየገፋሁ ሦስት ድርብ አለበስሁት።

የጥምቀት ለት ሕዝቡ የሚያየው ታቦቱንና ከገንዳው ሥር ያለውን አፈር ነበር። አፈሩ ደረቅ! ቄስ ደሞዝ የመጨረሻዋን ባልቴት ረጭተው ሲያበቁ፣ የተረፈውን በጣሳ ሙሉ እኔ ላይ ደፉት። «ኢንጂነር ታንጉት፣ ድርሻሽን ውሰጂ!» አሉኝ። እልልታውን ብትሰማው!

ስትሠራ ጓንትህን አትርሳ፤ የእኔ እጅ እስካሁን ያሳክከኛል። ደግሞ አሠሪዎችህ «ማን አስተማረህ?» ካሉህ «እናቴ» በላቸው፤ ውሸት ነው፣ ግን ደስ ይለኛል። እመቤታችን በእጅህ ላይ እጇን ትጨምርበት።

እናትህ ታንጉት